ድምፅ የሚያግድ መኝታ ከባዘቶ፣ ከሸራና ከተልባ እንዴት ይሠራል

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የሚገባ የከባድ መኪና ጉርምርምታ፣ ዳንግላ ላይ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ፣ ባሕር ዳር እኩለ ሌሊት አልፎ የማይቆም ባጃጅ፣ ደብረ ማርቆስ ጎረቤት ግቢ ታስሮ የሚያድር ውሻ፦ ሁሉም እንቅልፍ ይነሳሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። በአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሁሉንም አስቀራለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ገንዘቡንም ጥጡንም ያባክናል። ከዚህ በታች ያለው የራስጌ ከለላና የጆሮ ክዳን ያለው ትራስ አሠራር የሚያዋጣው የትኛው ድምፅ በመኝታ ልብስ እንደሚቀንስና የትኛው እንደማይቀንስ ከተለየ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ድምፁን ማወቅ

ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው፤ የሚውጠው ደግሞ ልስላሴ። ሁለቱን ማምታታት በዚህ ሥራ ትልቁ ስህተት ነው። የጭቃ ግድግዳ ከባድ ስለሆነ የውጩን ድምፅ ወደ ውጭ ይመልሳል። ባዘቶ፣ ማለትም የተነደፈ ጥጥ፣ ደግሞ ቀላል ነው፤ ድምፁን አይመልስም፣ ነገር ግን በቃጫው መሀል ሲያልፍ አድክሞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጥሩ ድምፅ ማገጃ ሁለቱንም ይይዛል፦ ከውጭ ከባድ፣ ከውስጥ ለስላሳ።

ልስላሴም ወሰን አለው። ለስላሳ ነገር ድምፅን በደንብ የሚውጠው ውፍረቱ ለድምፁ ሞገድ ርዝመት ሩብ ሲጠጋ ነው። የ1,000 ሄርዝ (በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ፣ ማለትም የሰው ንግግርና የውሻ ጩኸት የሚገኝበት አካባቢ፣ የሞገዱ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቡ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የ100 ሄርዝ ጉርምርምታ ግን ሞገዱ 3 ሜትር ከ40 ነው፤ ሩቡ 85 ሴንቲ ሜትር። ይህን ያህል ውፍረት ያለው ነገር ለብሶ የሚተኛ የለም። ስለዚህ የንግግር፣ የድምፅ ማጉያ፣ የውሻ፣ የዶሮ፣ የባጃጅ ጡሩንባ ድምፅ በመኝታ ልብስ ይቀንሳል። የጄኔሬተር፣ የወፍጮና የከባድ መኪና ጉርምርምታ ግን ጥቂት ነው የሚቀንሰው፤ እነሱን የምንይዘው በአልጋው እግርና በአልጋው ቦታ ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ድምፁ በሚበረታበት ሰዓት አልጋው ላይ ተጋድማችሁ ሁለቱንም ጆሮ በመዳፍ ግጥም አድርጋችሁ ያዙ። ድምፁ ከጠፋ ወይም በጣም ከራቀ፣ በአየር ነው የሚመጣው፤ ከለላና ትራስ ይጠቅማሉ። ጆሮ ተይዞም በትራሱ በኩል ሆድ ውስጥ እንደሚገባ ዓይነት ከተሰማችሁ፣ በወለሉና በአልጋው እንጨት ነው የሚመጣው። እንዲህ ከሆነ ወደ አልጋው እግር ክፍል እለፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ የመኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊት የሚኖረው ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ)፣ ድንገተኛ ጩኸቱም ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል። በስልክ ላይ የሚጫን ዴሲቤል መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥ ይሆናል፤ ልዩነትን ግን ያሳያል። ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን ትራሱ ላይ፣ ጆሮ በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጣችሁ ለኩና ሰዓቱን ጻፉ። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ሰዓትና ቦታ ድገሙት። የ3 ዴሲቤል ቅናሽ እምብዛም አይታወቅም፤ የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ግን ለጆሮ ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ ሆኖ ይሰማል።

ከስፌቱ በፊት ቀዳዳውን

ከግድግዳው ስፋት መቶ እጅ አንዱ ቀዳዳ ከሆነ፣ የቀረው የፈለገውን ያህል ቢወፍር ያ ግድግዳ ከ20 ዴሲቤል በላይ አይቀንስም። ውኃ በቀዳዳ እንደሚያልፈው ድምፅም ያልፋል። በጎጃም ቤቶች ዋናዎቹ ቀዳዳዎች ሁለት ናቸው፦ የበሩ ሥርና ግድግዳው ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት።

ለበሩ፣ ከአሮጌ ሱሪ እግር 95 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ሰፍታችሁ ደረቅ አሸዋ ሙሉት፤ ሌሊት በሩ ሥር ይጋደማል። ጭድ አይሆንም፤ ይቀላልና በሩ ሲነካው ይሸሻል። የጣሪያውን ክፍተት ከጭስ መውጫው በስተቀር በአሮጌ ጨርቅ ወትፋችሁ በጭቃ ምረጉት። ምድጃው እዚያው ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ይህን ክፍተት አትንኩት።

የአልጋው ቦታም ያለ ወጪ ብዙ ይሠራል። ራስጌው ወደ መንገድ ከሚያይ መስኮት ይራቅ፤ ከአሽንዳ መውረጃ ሥር አይሁን፤ ከግድግዳው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ይለይ።

የራስጌ ከለላው

ይህ ከራስጌ ጀምሮ እስከ ደረት የሚደርስ፣ በጀርባ፣ በሁለት ጎንና በላይ የተሸፈነ፣ ወደ እግር የተከፈተ ግማሽ ድንኳን ነው። አልጋውን ዙሪያውን መዝጋት ድምፁን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አየሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ አንመክረውም። ከታች ያለው ልክ ለሜትር ከሃያ አልጋ ነው። ሜትር ከሃምሳ ከሆነ ለጀርባውና ለጣሪያው ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ።

መዋቅሩ ከአራት የባሕር ዛፍ አጣና ይቆማል፤ እያንዳንዱ 1.80 ሜትር። ሁለቱ በራስጌ ማዕዘኖች፣ ሁለቱ ከራስጌ 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይቆማሉ። ላይ በአራት አግዳሚ፣ ታች በአልጋው ሥር በሚያልፉ ሁለት አግዳሚዎች ይያያዛሉ። ሁሉም ከአልጋው ሦስት ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ከአልጋው ጋር ከታሰሩ፣ በተገላበጣችሁ ቁጥር መዋቅሩ አብሮ ይንጫጫል። የሚሸከመው ወደ 18 ኪሎ ስለሆነ እርጥብ አጣና አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ማሰሪያውም ይላላል።

አራት ቁራጭ ሽፋን ይሰፋል። ጀርባው 1.30 በ1.40 ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 1.10 በ1.40፣ ጣሪያው 1.50 በ1.10። ቁጥሮቹ ከመዋቅሩ የሚበልጡት ጠርዞቹ እርስ በርስ እንዲደራረቡ ነው፤ ጫፍ ለጫፍ የተገናኘ ጨርቅ መሀሉ ቀዳዳ ነው። የእያንዳንዱ ውጭ ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ሸራ፣ ውስጡ አቡጀዲ፣ መሀሉ ባዘቶ። ለሸራውም ለአቡጀዲውም የስፌቱን ጨምሮ 7.5 ሜትር ካሬ ያህል ያዙ።

ባዘቶው ለአንድ ሜትር ካሬ 2 ኪሎ ይሂድ። ለጀርባው 3.6፣ ለእያንዳንዱ ጎን 3.1፣ ለጣሪያው 3.3፣ በድምሩ 13 ኪሎ ያህል ነው። ጥጡ ፍሬው ወጥቶ ካልተዳመጠና በደጋን ካልተነደፈ በቦታ በቦታው ይቋጠራል፤ በቋጠሮው መሀል ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ድምፅ ያሳልፋል። የተነደፈ ጥጥ በእጅ ሲይዙት እንደ ደመና ይሆናል፤ ጭብጥ አድርገው ሲለቁት ተመልሶ ይነሳል። ካልተነሳ እንደገና ይነደፍ።

ሙሌቱ እንዲህ ነው። አቡጀዲውን ወለል ላይ ዘርጉና ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። የባዘቶውን ግማሽ በቁመት አንጥፉ፤ ቀሪውን ግማሽ በአግድም ደርቡበት፤ ሁለቱ ሲጣለፉ አይንሸራተቱም። ሳይታመቅ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። ሸራውን አልብሳችሁ ሦስቱን ጠርዝ ስፉ። ከዚያ በፍራሽ መርፌና በሲባጎ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ከላይ እስከ ታች አሳልፋችሁ ቋጥሩት፤ ውፍረቱ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሲባጎውን አጥብቃችሁ አትሳቡት። ቋጠሮው ላይ ባዘቶው ከታመቀ ያች ነጥብ ስስ ትሆናለች፤ እንዲህ ያለች ነጥብ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ስትደጋገም ሽፋኑ ወንፊት ሆነ ማለት ነው። መስመር ስፌት የማንመክረውም ለዚሁ ነው። በመጨረሻ አራተኛው ጠርዝ ይሰፋል። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን የላይኛው ጠርዝ ላይ አንድ ጭብጥ ባዘቶ ጨምሩ፤ በወራት ውስጥ ላይ ያለው ወደ ታች ይወርዳል።

13 ኪሎ ጥጥ ለሁሉም አቅም አይሆንም። ያረጁ ጋቢዎች፣ ቡልኮና ከሰልባጅ ተራ የሚገኙ ብርድ ልብሶች በዚያው ክብደት ቢደራረቡ ሥራውን ይሠራሉ። ውፍረታቸው ከባዘቶው ያንሳል፤ ወፈር ያለውን ድምፅ በመዋጥ በኩል ይደክማሉ እንጂ ክብደታቸው አይጠፋም። የበግ ፀጉር ካገኛችሁ ከጥጥ ይሻላል፤ ቶሎ አይታመቅም። ችግሩ የጎጃሙ የዋሸራ በግ ፀጉረ አጭር መሆኑ ነው፤ ለሥጋ እንጂ ለሙሌት የሚሆን የለውም። ፀጉረ ረጅም አጎዛ ካላችሁ ከትራሱ ሥር አድርጉት።

ሽፋኖቹ ሲሰቀሉ የታችኛው ጠርዝ ከፍራሹ ላይኛ ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይውረድ። ከፍራሹ እኩል ካቆማችሁት ድምፁ በዚያች ስንጥቅ ገብቶ በቀጥታ ጆሮ ጋ ይደርሳል። ጣሪያው ከሁሉ በኋላ ይጋደማል፤ በጎኖቹ ላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንጠልጠል። ጎኖቹ ላይ ማሰሪያ ስፉና የሚጠቀለሉ አድርጓቸው፤ ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ዘግቶ መተኛት አይቻልም። እንጅባራ ላይ ከሆናችሁ ተቃራኒው ነው፤ ከለላው ብርዱንም ይይዝላችኋል።

ዝናብን በሚመለከት ግልጽ እንሁን። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ ድምፁም ከላይ ከመላው ጣሪያ ይወርዳል። ስለዚህ ለክረምት የከለላውን ጣሪያ እጥፍ አድርጉት፤ ጎኖቹን ከማወፈር ይበልጣል። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ኮርኒስ ለድምፅ ምንም አይፈይድም፤ ክብደት የለውማ። በላዩ ጭድ መሙላት የሚያምራቸው አሉ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ጣሪያ ላይ ግን ይህ እሳት መጥራት ነው።

ትራሱና የጆሮ ክዳኑ

ከሁሉ ያነሰ ወጪ ጠይቆ ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው ይህ ነው። ገንዘብም ጊዜም ከሌላችሁ ከለላውን ትታችሁ ይህን ብቻ ሥሩ።

በጎን የሚተኛ ሰው የታችኛው ጆሮው ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል፤ የሚሰማው በላይኛው ጆሮ ነው። ሰው በደመ ነፍስ ጋቢውን የሚሸፋፈነው ለዚህ ነው። ነገር ግን ተራ ልብስ ለአንድ ሜትር ካሬ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም አፍንጫ አብሮ ይሸፈናል። የሚያስፈልገው ጆሮን ብቻ የሚከድን ትንሽና ከባድ ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ በደጋው ጎጃም በየገበያው የሚገኘው ተልባ ፍጹም ነው፦ ከባድ፣ ልሙጥ፣ የጭንቅላትን ቅርጽ ተከትሎ የሚቀመጥ።

ጥቅጥቅ ያለ አቡጀዲ ደርባችሁ ሲያልቅ 25 በ35 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ከረጢት ስፉ። ተልባ አንሸራታች ስለሆነ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት መሀል ሾልኮ ይወጣል፤ ስፌቱ ደቃቅና ሁለት ጊዜ የተመለሰ ይሁን። ከረጢቱን በረጅሙ አምስት ቦይ አድርጋችሁ ክፈሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት አምስት ሴንቲ ሜትር። በአንድ ቦይ 120 ግራም ተልባ ይግባ፤ ሚዛን ከሌለ ሁለት ሲኒ ሙሉ ያህል ነው። በድምሩ 600 ግራም ይሆናል። ይህ ክብደት ለሜትር ካሬ ቢሰላ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል፤ ማለትም ከተራ ብርድ ልብስ ሰባት እጥፍና ከዚያ በላይ። ቦይ ካልተደረገለት ተልባው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይሮጥና ጆሮው ላይ ባዶ ጨርቅ ይቀራል።

ቦዩን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ግማሽም አታድርጉት። ከረጢቱን ወደ ጆሮ አስጠግታችሁ አወዛውዙት፤ ሽው የሚል ድምፅ ካሰማ ጎሎበታል። እንደ እንጨት ደርቆ ካልታጠፈ በዝቶበታል። ጆሮ በሚነካው ፊት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የባዘቶ ንጣፍ ስፉበት፤ ይህ ለምቾት ብቻ ሳይሆን በጆሮና በከረጢቱ መሀል ያለውን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ትራሱ 70 በ45 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሲተኙበት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት የሚይዝ ሙሌት ይኑረው። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ይጨምር። የጆሮ ክዳኑ ረጅም ጠርዝ በትራሱ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ማለትም በማጅራት በኩል፣ ይሰፋል፤ ሰው ሲተኛ ከኋላ መጥቶ ጆሮው ላይ ይወድቃል። በፊት በኩል በጭራሽ አይሰፋ፤ ሌሊት ተንሸራትቶ አፍንጫ ላይ ያርፋል። ግራና ቀኝ የሚገላበጥ ሰው በሁለቱም ጠርዝ እየሰፋ ሁለት ክዳን ከማድረግ ይልቅ ክዳኑን በአዝራር የሚለቀቅ ቢያደርገው ይሻላል። በጀርባ የሚተኛ ደግሞ ክዳኑን ትቶ በትራሱ ግራና ቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15 ቁመትና 12 ውፍረት ያላቸው ሁለት ጎኖች ይሥራ።

የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በትራሱ መሀል ስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ተዉ፤ አለበለዚያ የታችኛው ጆሮ ሲጫን ያማል። ደረቅ ጥጥ ጆሮ ውስጥ መወተፍ ግን እፎይ ያሰኛል እንጂ ብዙም አያግድም፤ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው።

የአልጋው እግር

የወፍጮና የመኪና ጉርምርምታ በመሬት ተጉዞ በአልጋው እግር ይወጣል። ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ በ8 በ8 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ስድስት ስድስቱን እየደራረባችሁ ከእያንዳንዱ እግር ሥር አስቀምጡ። የበረባሶ ጎማ ይቀላል ብሎ የሚጠቀም አለ፤ ለመኪና ክብደት የተሠራ ስለሆነ ለአልጋ በጣም ደረቅ ነው፣ ንዝረቱን ያሳልፈዋል። ደልደል ያለ የጭቃ መደብ ላይ የሚተኛ ሰው ይህ ሁሉ ብዙም አያስፈልገው፤ የመደቡ ክብደት ራሱ ንዝረቱን ያደነዝዘዋል።

አልጋው ራሱ የሚጮህ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን ፍቱና ንጹሕ ሰም ቀቧቸው፤ በመሀላቸው ስስ ቁራጭ ቆዳ አስገብታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ዘይት አትቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል።

የሚበላሸው የትና ለምን ነው

ብዙ ጊዜ የምናየው ጥፋት ሸራውን በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በላስቲክ መተካት ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በተነኩት ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ የትንፋሽ ላብም በውስጡ ተሰብስቦ ባዘቶውን ያሻግታል። ጭድ ለፍራሽ ሥር ይሁን እንጂ ለትራስ አይሁን፤ ጆሮ ሥር ሲንኮሻኮሽ ራሱ ድምፅ ነው።

ሌላው ተባይ ነው። የተቋጠረ ሽፋን ለትኋንና ለቁንጫ ጥሩ ጎጆ ነው። በጋውን በየሁለት ሳምንቱ ሁለቱንም ፊት ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ቋጠሮዎቹን በእጅ እየገለጣችሁ እዩ። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ሁሉ ጎኖቹን ጠቅልላችሁ አየር አስገቡበት። ከለላው አይታጠብም፤ ታጥቦ የሚደርቅ ባዘቶ ይታመቃል። ስለዚህ ከላዩ የሚወልቅ ነጠላ ልባስ ይኑረው። ወባ ባለበት፣ በጣና ዳርና በዓባይ ቆላ፣ አጎበሩ በከለላው ውስጥ ይሰቀል፤ ከለላው አጎበርን አይተካም።

ከለላው ውስጥ ሻማ፣ ኩራዝ ወይም ጧፍ አይበራም። ከሰልም በዚያ ክፍል አይገባም፤ ቀዳዳው በተደፈነ ቤት የከሰል ጋዝ ይገድላል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በከለላውም ሆነ በተልባው ክዳን ሥር አይተኛ፤ ለስላሳና ከባድ ነገር ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ከለላውን ይተው፤ ማታ በር መንኳኳትን ወይም የልጅ ልቅሶን መስማት ያለበት ሰውም የአንዱን ጎን ሽፋን ጠቅልሎ ይተኛ።

ተልባው ደግሞ የራሱ ጠላት አለው፤ አይጥ ይወደዋል። ቀን ቀን ክዳኑን ከትራሱ ፈትታችሁ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት፤ ይህም አዝራሩ የሚጠቅምበት ሁለተኛው ምክንያት ነው። ያልተሰበረ ፍሬ ለወራት ይቆያል፤ ተሰባብሮ ዘይት ዘይት መሽተት ከጀመረ ግን ቦዩን ፍቱና በአዲስ ቀይሩት። ከመሙላታችሁ በፊት አንዴ በወንፊት ንፉት፤ አቧራውና ስባሪው ከወጣ ሽታው ይዘገያል።